ማሰርና መፍታት፤ የቴስታታ ብሎን ቃላት ታሪክ

1. መነሻ

እንደሚታወቀው፣ አዲስ ዕቃ ከባሕር ማዶ ወደ አንድ አገር ሲገባ ስሙን ይዞ ይገባል። ከዕቃው ጋር ግን ሥራውም ይገባል፤ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ የአገሩ ሰው ስለ ሆነ፣ ስሙ ባዕድ ሆኖ ቢቀርም ግሡ ብዙውን ጊዜ የአገር ልጅ ነው። ይህ ሐሳብ በአማርኛ የቃላት ታሪክ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጸና፣ ጸንቶም ለስያሜ ሠሪና ለተርጓሚ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ በአንድ ጠባብ መስክ ልንመረምር አስበናል። የመረጥነውም መስክ ሞተር ሲታደስ የሚከናወነው የቴስታታ ብሎን ዝግጅትና አገጣጠም ነው።

ርእሱ ለቋንቋ ሰዎች እንግዳ ቢመስል አይደንቅም፤ ሆኖም የተመረጠበት ምክንያት አለው። በልብ ወለድ ትርጉም አንድ ቃል ያለ ቦታው ቢገባ አንባቢው ቅር ይለዋል። በዚህ ሥራ ግን አንድ ግሥ ያለ ቦታው ቢገባ ብሎን ይበጠሳል፣ ውሃና ዘይት ይደባለቃሉ፣ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ የሆነ መኪና ይቆማል። ቃልና ነገር እንዲህ በተቀራረቡበት ስፍራ የስያሜ ሥራ ጥቅሙም ጉዳቱም ሳይውል ሳያድር ይታያል።

ለምርመራችን በዓይነ ኅሊናችን የምንይዛቸው ስፍራዎች አዲስ አበባን ከሚያዋስኑት ከተሞች ሦስቱ ናቸው፤ እነርሱም በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ሰበታ፣ በአምቦና በነቀምት መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ሱሉልታ ናቸው። ሦስቱም ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። እነዚህ ከተሞች የጭነት መኪና የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው በሮች እንደ መሆናቸው መጠን፣ የመንገድ ዳር ጋራዥ ሥራ አይጠፋባቸውም። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ መኪና የእንጦጦን ዳገት ይገፋል፤ ከጎጃም የሚመጣው ደግሞ ከአባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ የተሳነው መኪና በደጋ አገር ዳገት ላይ ቶሎ ይፈላል፤ የፈላም ሞተር ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። የቴስታታ ብሎን በዚህ አካባቢ የዕለት ንግግር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሦስቱም ከተሞች ነባር ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። በጋራዥ ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ የዕቃዎቹ ስም ግን በአብዛኛው ለሁለቱም አንድ ነው። ስለሆነም ስለነዚህ ቃላት የምንናገረው ነገር የአማርኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

2. ነገሩ ምንድን ነው?

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ነገሩን ባጭሩ ማስረዳት ይገባናል። ቴስታታ የሞተሩን ሲሊንደሮች ከላይ የሚከድን ወፍራም የብረት ወይም የአሉሚኒየም አካል ነው። በእርሱና በሞተሩ ብሎክ መካከል ጓርኒሲዮን የሚባለው ስስ ንጣፍ ይገባል። ቴስታታው ጓርኒሲዮኑን ተጭኖ ከብሎኩ ጋር የሚታሰረው በረጃጅም ብሎኖች ነው። ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ በተቀጣጠለ ቁጥር የሚፈጠረው ግፊት ቴስታታውን ከብሎኩ ሊነጥለው ይታገላል፤ ብሎኖቹ ደግሞ ጨምድደው ይይዙታል። እሳት፣ ውሃና ዘይት በአንድ ስስ ንጣፍ ተለያይተው የሚኖሩት ብሎኖቹ ሁሉ እኩል ተወጥረው እስከ ቆዩ ድረስ ብቻ ነው።

3. ስሞቹ በምን መንገድ ገቡ?

ኢግናጽዮ ጉይዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላቱን ሮማ ላይ ሲያሳትም ዘመኑ 1901 እ. ኤ. አ. ነበር። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ምድር የሚሽከረከር አንድም አውቶሞቢል አልነበረም። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን አውቶሞቢል ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ የገባው በ1900 ዓ. ም. ነው። ስለዚህ የሞተር ቃላት በአማርኛ ያላቸው ዕድሜ ከ120 ዓመት ብዙም አይበልጥም። ለቃል ታሪክ ተመራማሪ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የቃሉን መግቢያ በር ከሞላ ጎደል በዓይኑ ማየት ይችላልና።

የመጀመሪያው በር የምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የባቡሩ ሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሀር» የሚለው የሰፈር ስምና «ጋራዥ» የሚለው የሥራ ስፍራ ስም የዚያ ዘመን ቋንቋ ውርሶች ናቸው።

ሁለተኛው በር ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው ጦር ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖችን በብዛት አስገባ፤ ለመንገድ ሥራና ለጥገናም ብዙ የእጅ ባለሙያ አመጣ። ወረራው ካለፈ በኋላም ከጣሊያኖቹ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ በአገሪቱ ቀርተው ጋራዥና ቶርኖ ቤት ከፈቱ፤ የአገሩ ልጆች ሙያውን ከእነርሱ እጅና አፍ ተማሩ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ግራሶ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን በአገራችን መንገዶች ላይ የታወቀው የፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና «ኤንትሬ» ተብሎ መጠራቱ የጣሊያንኛውን ቋንቋ ጉልበት ያሳያል፤ በዚህ ስም ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ እንኳ ጣሊያንኛ ነው።

ሦስተኛው በር እንግሊዝኛ ነው። በ1930ዎቹ ዓ. ም. ከተቋቋመው ከአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሙያ ትምህርት በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሲሰጥ፣ የጃፓን መኪኖችም ከእንግሊዝኛ መመሪያ ጋር ሲገቡ፣ «ጋስኬት»፣ «ሲሊንደር ሄድ»፣ «ቶርክ» የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛዎቹ ጎን ቆሙ። ዛሬ በአንድ ጋራዥ ውስጥ አንጋፋው መካኒክ «ጓርኒሲዮን» ሲል፣ ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣት «ጋስኬት» ቢል፣ ሁለቱም ያንኑ ንጣፍ ማለታቸው ነው።

4. ስለ ስሞቹ ጥቂት ትችት

«ቴስታታ» ከጣሊያንኛው «ቴስታ» የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ራስ ማለት ነው። ግንዱ ቃል ራሱ በሌላ በር ወደ አማርኛ ገብቷል፤ የኳስ ተጫዋች ኳስን «በቴስታ መታ» ይባላልና። እንግሊዝኛውም፣ ጀርመንኛውም፣ ሩስኛውም ይህን የሞተር ክፍል በራስ ይሰይሙታል። ፈረንሳይኛው ግን ከመድፍና ከጠመንጃ የኋላ መዝጊያ ስም ወስዶ «ኩላስ» ይለዋል። እንግዲህ ስያሜው ከነገሩ ባሕርይ የግድ የሚወጣ ሳይሆን ከአመለካከት የሚወጣ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የስያሜ ሥራ የተለመደ ቅደም ተከተል አለው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝ፣ ቀጥሎም ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ ይህ ሁሉ ካልተገኘ ብቻ የባዕዱን ቃል መውሰድ ነው። በዚህ ሥርዓት ብንሄድ «ቴስታታ»ን «የሲሊንደር ራስ» ማለት የሚቀና ይመስላል። ነገር ግን «ራስ» በአማርኛ ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው። የአካል ክፍል ነው፤ የማዕረግ ስም ነው፤ «ራሱ» «የራሱ» እያልንም እንገለገልበታለን። «የራስ ብሎን» ብንል ሰሚው «የግል ብሎን» ብሎ ይረዳዋል። ከዚህም ሌላ ብሎኑ ራሱ ራስ አለው፤ መፍቻ የሚያርፍበት ባለ ስድስት ማዕዘኑ ክፍል «የብሎን ራስ» ነው። «የራስ ብሎኑን ራስ በዘይት ቅባ» የሚል መመሪያ የጻፈ ተርጓሚ ሰዋስው አልጣሰም፤ ግን የሚታዘዝ ትእዛዝ አልጻፈም። «የቴስታታ ብሎኑን ራስ» ሲል ግን ግራ መጋባቱ ይወገዳል። «ቴስታታ» በአማርኛ ሌላ ትርጉም ስለሌለው ባዕድነቱ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ሆኗል።

«ብሎን»ን በሚመለከት ሁለት ምንጮች ይታያሉ፤ የፈረንሳይኛው «ቡሎን» እና የጣሊያንኛው «ቡሎኔ» ናቸው። ከጣሊያንኛ የመጡት የጋራዥ ቃላት ብዙዎቹ የመጨረሻ አናባቢያቸውን ጠብቀዋል፤ «ካቻቪቴ»፣ «ዳዶ»፣ «ሮንዴላ» ምስክሮች ናቸው። «ብሎን» ግን በተናባቢ ይጨርሳል። ይህ የባቡር ሐዲዱን ዘመን ያስታውሳል፤ ወረራው ደግሞ የገባውን ቃል አጸናው ማለት የሚያስኬድ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ግን ብሎን ያልሆነው ብሎን ነው። በአያሌ የቀድሞ የከባድ መኪና ሞተሮች ቴስታታው የሚታሰረው በብሎን ሳይሆን፣ አንድ ጫፉ በብሎኩ ውስጥ ተጠምዝዞ በሚቀር፣ በሌላው ጫፉ ዳዶ በሚገባበት ዘንግ ነው። ጣሊያንኛ ይህን ዘንግ «ፕሪጆኒዬሮ» ይለዋል፤ «እስረኛ» ማለት ነው። አማርኛም ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሷል፤ መካኒኩ ብሎንን «ያስራል» እንጂ ሌላ ግሥ አይፈልግምና። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። በብሎን ላይ የሚሽከረከረው ብሎኑ ራሱ ሲሆን፣ በእስረኛው ዘንግ ላይ የሚሽከረከረው ዳዶው ነው። ሁለቱንም «ብሎን» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ «ዳዶውን አጥብቅ» የሚለው መመሪያ ሲመጣበት ዳዶው ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት ይቸገራል።

5. ግሦቹ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ይመስላል።

ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ቴስታታ አይፈታም፤ ትኩስ አሉሚኒየም ይጣመማልና። ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሐል በየተራ ጥቂት በጥቂት ይላላሉ፤ ከዚያ በኋላ ይፈታሉ። እያንዳንዱ ብሎን ከየትኛው ቀዳዳ እንደ ወጣ እንዲታወቅ በካርቶን ላይ በተርታ ይሰካል። ይታጠባል፤ ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። ጥርሱ የተበላ፣ የዛገ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ከጓደኞቹ የረዘመ ተለይቶ ይጣላል። የብሎኩ ቀዳዳዎችም ይጸዳሉ፣ በአየር ይነፋሉ፤ ምክንያቱም በዝግ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ፣ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። የብሎኑ ጥርስና የራሱ ሥር በስሱ ዘይት ይቀባሉ፤ ወደ ውሃ መተላለፊያ የሚዘልቅ ብሎን ከሆነ ግን ጥርሱ ማሸጊያ ይቀባል። ብሎኑ በጣት እየተሽከረከረ ይገባል፤ በጣት እንቢ ያለ ብሎን ጥርሱን ስቷልና በመፍቻ አይገደድም። ማጥበቁም በመመሪያው ተራ መሠረት፣ በአብዛኛው ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይፈጸማል።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ያሉት ስሞች ከሦስት የባዕድ ቋንቋዎች የተለቀሙ ናቸው፤ ግሦቹ ግን ሁሉም የአገር ናቸው። መፍታት፣ ማሰር፣ ማላላት፣ ማጥበቅ፣ መጥረግ፣ መቀባት፣ ማሸግ፣ መግጠም ከሞተር በፊት የነበሩ፣ ከእርሻ፣ ከድንኳን ተከላና ከሽመና የተላለፉ ቃላት ናቸው። ጣሊያንኛው ለእንግሊዝኛው ስፍራ ሲለቅ ስሞቹ ተለዋወጡ፤ ግሦቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በመነሻው ላይ ያቀረብነው ሐሳብ እስከዚህ ድረስ ጸንቷል ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በቅርቡ ዘመን አንድ አዲስ ነገር ይታያል። በወጣቱ መካኒክ አፍ «ቶርክ አድርገው» የሚል አነጋገር ይሰማል። በላዩ ሲያዩት የእንግሊዝኛ ፍቅር ይመስላል። ስሞቹ ሲለዋወጡ ያልተናወጠው ግሥ እዚህ ላይ ስለምን ቦታ ለቀቀ? እኛ የምናየው ምክንያት «ማጥበቅ» የሚለው ግሥ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድነት መሸከሙ ነው።

6. «ማጥበቅ» የሸፈናቸው ሦስት ነገሮች

«ጠበቀ» እና «ላላ» ለቋንቋ ሰው አዲስ ቃላት አይደሉም። ተናባቢው ጠብቆ ይነበባል ወይም ላልቶ ይነበባል እያልን የምንገለገልባቸው የሰዋስው ቃላት ናቸው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ይጠብቃል» ተብሎ የተጻፈው ቃል «በ» ላልቶ ሲነበብ የብሎኑን መጥበቅ፣ «በ» ጠብቆ ሲነበብ ግን የዘበኛውን ጥበቃ ይናገራል። በጋራዥ ያለው ችግር ግን በንባብ የሚፈታ አይደለም፤ በነገሩ ውስጥ ያለ ነው።

መካኒኩ ሲያጠብቅ በእጁ የሚያደርገው መጠምዘዝ ነው። በብሎኑ ውስጥ የሚሆነው መወጠር ነው። በመጨረሻ የሚገኘው ውጤት የቴስታታውና የብሎኩ መጣበቅ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ አይደሉም። በተለመደው የመካኒክ ስሌት፣ በመፍቻው ከሚውለው ጥምዘዛ ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ 40 በመቶ ያህሉ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጥርሱ የደረቀ ወይም የዛገ ብሎን ሰበቃው ስለሚበዛበት መፍቻው ላይ «ጠብቋል» እየተባለ በውስጡ ግን አልተወጠረም። እንዲህ ያለው ብሎን ያለ አግባብ ታምኖ መኪናው ከጋራዥ ይወጣል፤ ጓርኒሲዮኑም በአንድ ሱሉልታ ዳገት ላይ ይቃጠላል። ዘይት መቀባቱ ትርጉም የሚኖረው መጠምዘዝና መወጠር ሲለያዩ ነው፤ ለሁለቱ አንድ ግሥ ብቻ ያለው መመሪያ ግን «ቅባ» ከማለት በቀር ምክንያቱን ሊያስረዳ አይችልም።

«ወጠረ» ነባር ቃል ነው፤ ከበሮ ይወጠራል፣ የበገና ክር ይወጠራል፣ ድንኳን ይወጠራል። ድንኳን ሲተከል አንዱን ገመድ ብቻ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው የወጠረ ሰው ድንኳኑን እንደሚያጣምመው ሁሉ፣ አንዱን ብሎን በአንድ ጊዜ የጨረሰ መካኒክም ቴስታታውን ያጣምመዋል። በተራና በዙር መወጠር የሚያስፈልግበት ምክንያት በዚህ አንድ ግሥ ውስጥ ተቀምጧል።

7. ብሎኑ ሲለወጥ ቃሉም መለወጥ አለበት

የቀድሞው ብሎን ሲወጠር እንደ ክር ተለጥጦ፣ ሲላላ ወደ ልኩ የሚመለስ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ሞተሩ ከታደሰና ጥቂት ከሠራ በኋላ ጓርኒሲዮኑ ስለሚረግጥ ብሎኖቹ እንደገና ይጠብቁ ነበር። «እንደገና ማጥበቅ» ለዚያ ዘመን ትክክለኛ ቃልና ትክክለኛ ሥራ ነበር።

ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ እ. ኤ. አ. ወዲህ ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ሌላ ዓይነት ብሎን መጣ። ይህ ብሎን በመጀመሪያ በመጠነኛ ጥምዘዛ ይታሰራል፤ ቀጥሎ በማዕዘን፣ ለምሳሌ 90 ዲግሪ ማለትም ሩብ ዙር፣ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ሩብ ዙር ተጨምሮበት ይዞራል። በዚህ ጊዜ ብሎኑ ወደ ልኩ ከሚመለስበት ወሰን አልፎ ተለጥጦ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተፈታ በአዲስ መተካት አለበት የሚል ትእዛዝ በመመሪያው ይገኛል፤ እንደገና ማጥበቅም አይፈቀድም። አሮጌውን ልማድ በአዲሱ ብሎን ላይ የሠራ ሰው ብሎኑን ይበጥሰዋል፤ ቃሉን ሳይለይ የተረጎመም ተርጓሚ የብልሽቱ ተካፋይ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ደኻ አይደለም። «ተለጠጠ» እና «ተለጥጦ ቀረ» መካከል ያለው ልዩነት የብረት ሊቃውንት በብዙ ቀመር የሚገልጹት ልዩነት ነው። በብሎኑ ራስ ላይ የሚታተመው ቁጥር እንኳ ይህንኑ ይናገራል። 8.8 የሚል ምልክት ያለው ብሎን በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ላይ የሚበጠስ፣ የዚህ 80 በመቶ በሆነው በ640 ኒውተን ላይ ተለጥጦ የሚቀር ነው። 10.9 የሚለው ደግሞ በ1,000 ይበጠሳል፣ በ900 ተለጥጦ ይቀራል። ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ስለ መበጠስ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ስለ መለጠጥ ይናገራል ማለት ነው። ይህን የተረዳ ተርጓሚ ቁጥሩን እንደ ተራ የዕቃ መለያ አይዘለውም።

8. መፍቻና ኪሎ

በአማርኛ የብሎን መሣሪያ «መፍቻ» ነው። ቃሉ ከ«ፈታ» የወጣ ሲሆን በግእዝ «ፈትሐ» ግንድ ከፍትሕ፣ ከፍታት፣ ከፍቺና ከመፍትሔ ጋር ይዛመዳል። በግእዝ «መፍትሕ» ቁልፍ ማለት ነው። ጣሊያንኛም ይህን መሣሪያ በቁልፍ ስም ይጠራዋል፤ በጋራዦቻችንም «የ13 ቁልፍ» ሲባል ይሰማል። መሣሪያው ያስራልም ይፈታልም፤ አማርኛ ግን በመፍታቱ ሰየመው። ለተራው መፍቻ ይህ ጉዳት የለውም።

ጉዳቱ የሚመጣው በጥምዘዛ ልክ ወደሚያጠብቀው መሣሪያ ስንደርስ ነው። ይህ መሣሪያ ብሎን መፍቻ አይደለም፤ ቢፈቱበት የልኩ ትክክለኛነት ይበላሻል። «ባለ ልክ መፍቻ» ብለን ብንሰይመው ሊደረግበት የማይገባውን ሥራ በስሙ ላይ እንጽፋለን። በዚህ ምክንያት «ማጥበቂያ» የሚለውን መሠረት እንመርጣለን፤ «ባለ ልክ ማጥበቂያ» ቢባል ስሙ ራሱ መመሪያ ይሆናል። በጋራዥ ያለው «ቶርክ ሬንች» የሚለው አጠራር አይነቀፍም፤ ነገር ግን አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ምን እንደማይደረግበት አይነግረውም።

መስፈሪያውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የቀድሞዎቹ የጣሊያንና የሩስ መመሪያዎች ጥምዘዛን በኪሎግራም ሜትር፣ እንግሊዝኛዎቹ በፓውንድ ጫማ፣ የዛሬዎቹ በኒውተን ሜትር ይሰፍራሉ። አንድ ኪሎግራም ሜትር 9.81 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ፓውንድ ጫማ 1.36 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ለአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን በታክሲነት ያገለገለችውን፣ ከፊያት 124 የተወለደችውን ላዳ እንውሰድ። የጥንቱ ላዳ ቴስታታ በ11 ብሎኖች ይታሰራል፤ 10ሩ ባለ 12 ሚሊሜትር፣ አንዱ ባለ 8 ሚሊሜትር ናቸው። 10ሩ በመጀመሪያው ዙር ከ33 እስከ 41፣ በሁለተኛው ዙር ከ96 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። የሁለተኛው ዙር ልክ በኪሎግራም ሜትር ሲጻፍ ከ9.8 እስከ 12.1 ይሆናል። መስፈሪያውን «ኪሎ» ብሎ ያሳጠረ ወይም ጨርሶ የዘለለ ትርጉም አንባቢውን ከተገቢው ልክ አንድ አሥረኛ ላይ ሊያቆመው ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው፣ ብሎኑን እስኪበጠስ ያስጠመዝዘዋል።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እናወጣለን።

አንደኛ፣ በዕቃው ስም ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ቴስታታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ በሁለትና በሦስት ትውልድ አፍ ተሞርደው የለሰለሱ ቃላት ናቸው። መዝገበ ቃላት እነዚህን በባዕድነታቸው ሊያገልላቸው አይገባም፤ ይልቁንም ምንጫቸውን አመልክቶ፣ «ጋስኬት»ን ከ«ጓርኒሲዮን» ጋር አጣምሮ፣ አንጋፋውና ወጣቱ እንዲግባቡ ማድረግ ይገባዋል። በ1972 እ. ኤ. አ. የአማርኛ አካዳሚ ተብሎ የተመሠረተው፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የጀመረው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላት ሥራ በጋራዥ ቃላት መዝገብ ቢደገፍ ይበልጥ ይሰምር ነበር።

ሁለተኛ፣ የስያሜ ሠሪው እውነተኛ መስክ ግሡ ነው። ሠራተኛው ከውጭ ግሥ የሚበደረው ነባሩ ግሥ ሊለየው የሚገባውን ነገር ሳይለይለት ሲቀር ነው። «ቶርክ ማድረግ» የሚለው አነጋገር የአማርኛን ድህነት ሳይሆን የእኛን ሥራ ጉድለት ያመለክታል፤ በእጅ ያለው «መጠምዘዝ»፣ በብሎኑ ውስጥ ያለው «መወጠር»፣ በወሰኑ ማዶ ያለው «ተለጥጦ መቅረት» ቀድሞውንም በቋንቋው ውስጥ ነበሩና። ሥራው እነዚህን መፍጠር ሳይሆን ለየራሳቸው ቦታ መስጠት ነው።

ሦስተኛ፣ ተርጓሚው የቃሉን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ዕድሜ ይጠይቅ። «እንደገና አጥብቅ» ለቀድሞው ሞተር ጥበብ፣ ለአዲሱ ሞተር ጥፋት ነው። ሁለቱም ሞተሮች ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጋራዦች ጎን ለጎን ይፈታሉ፣ ይታሰራሉ። መካኒኩ የትኛው ብሎን በእጁ እንዳለ ለይቶ እንዲያውቅ፣ በፊቱ የተዘረጋው የአማርኛ ገጽ አስቀድሞ ለይቶ መጻፍ አለበት።